ዘንበል ያለችው ጥርስ

ጠዋት ጠዋት፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ የሥራ ጠረጴዛውን የታችኛውን መሳቢያ ይስባል። ውስጡ አንድ ያረጀ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለ። ክዳኑን በሁለት ጣቱ ነካ ያደርግና መሳቢያውን መልሶ ይዘጋዋል። አይከፍተውም፣ አያወጣውም። ነካ፣ ዝግት። ካፖርቱን ሰቅሎ ነጩን ጋዎን የሚለብሰው፣ ሸክላ ጥርስ የሚጋገርበትን የፖርሲሊን ምድጃ የሚያበራው ከዚያ በኋላ ነው።

«ተረጋጋ፣ ሀብትህ አልሸሸም» ትለዋለች ከጎኑ የምትሠራው ባልደረባው።

እሷ ጥርስ ላለቀባቸው አዛውንቶች ሙሉ ጥርስ ከነድዱ የምትሠራ ናት። ቀኑን ሙሉ ሮዝ ድድ ስትቀርጽ ስለምትውል ለራሷ «እትዬ ድድ» የሚል ስም አውጥታለች። እሱንም ዝም አላለችውም፤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ብናኝ ሳይለብስ ስለማይታይ «ጋሽ ጄሶ» ብላ ሰየመችው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

የጥርስ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እነሱ ምድር ቤት። ላይ ቤት ሰው ከነፊቱ፣ ከነፍርሃቱ፣ ከነወሬው ይቀመጣል። ወደ ታች የሚወርደው አፉ ብቻ ነው። ሐኪሟ በላስቲክ ሊጥ የጥርሱን ልክ ትወስዳለች፤ ልኩ ውስጥ ጄሶ ይፈስሳል፤ ጄሶው ሲደርቅ የሰውየው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጋሽ ጄሶ በዚህ ዓይነት በሺህ የሚቆጠር ሰው ያውቃል፤ መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ግን ካልሳቁለት በቀር አንዱንም አይለይም። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ አንዱ ተሳፋሪ ሲገለፍጥ፣ «ይቺንማ የሠራኋት እኔ ነኝ» ብሎ በሆዱ ደስ ይለዋል።

ደግሞ ከጄሶ ላይ ያነብባል። «ይሄ ስልሳን አልፏል። ይቺ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። ይሄ ፒፓ ያጨስ ነበር፣ ትቶታል።» እትዬ ድድ ትስቅበታለች፤ ግን ስቶ አይታው አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከላይ ሰማያዊ ሣጥን ወረደ። ትእዛዙ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሩ ሥር በሐኪሟ የችኮላ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሴት። የላይኛው የፊት ስድስት ጥርስ፣ ቬኒር። መጀመሪያ የሙከራ ሰም። በግራ በኩል ዘንበል ያለችው ትቃና።»

ቬኒር እንደ ጥፍር የሳሳ የፖርሲሊን ልባጥ ነው። ጥርስ ላይ ሲለጠፍ ጠማማውን ቀጥ፣ ቡናማውን ነጭ፣ የተሸረፈውን ሙሉ ያስመስላል። ብዙ ጊዜ ልባጡ እንዲቀመጥ የጥርሱ የፊት ሽፋን በስሱ ይፋቃል፤ የተፋቀው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ጋሽ ጄሶ ይህን ሲሠራ ነው የኖረው። ለእሱ እንደማንኛውም ቀን ነበር። ጄሶውን በጠበጠ፣ አፈሰሰ፣ ጠበቀ፣ ሊጡን ላጠ፣ ብናኙን እፍ አለ።

ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ከመካከለኛዋ ቀጥላ ያለችው የግራ ጥርስ ትከሻዋን ወደ ጎረቤቷ ሰጥታ ዘንበል ብላለች፤ ሰው ሰብሰብ ባለበት ወደ ጆሮ ጠጋ ብሎ እንደሚያወራ ሰው። ከሥሯ ያለችው ትንሽ ክፍተት፣ የቀኙ የውሻ ክራንቻ ሹልነት፣ የላንቃው ቁመት፣ ሁሉም ልክ ነው። መሳቢያውን ሳበ። ስንት ዓመት ያልተከፈተውን ቆርቆሮ ከፈተ። በጨርቅ የተጠቀለለውን አሮጌ የጄሶ ጥርስ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የጥርስ ቴክኒሻን ኮርስ ሲወስዱ አንድ የታወቀ ልማድ ነበር፤ የመጀመሪያው ልክ የሚወሰደው ከወንበር ጓደኛ አፍ ላይ ነው። የእሱ የወንበር ጓደኛ እሷ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሴት ሲያይ ምላሱ የሚተሳሰር ልጅ። እሷ ግን ቀልድ አይነጥፍባትም። «ክፈት እንጂ፣ እንደ ጉማሬ!» ብላ ሊጡን አብዝታ አስገባችበት፤ ሊጡ ወደ ጉሮሮው ሲወርድ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እሷ በሳቅ ወደቀች፣ አስተማሪው ሁለቱንም ተቆጣ። ተራው ሲደርስ እሱ የእሷን ልክ ወሰደ። ጄሶው ገና እርጥብ እያለ ከመቀመጫው ሥር አውራ ጣቷን ተጫነችበት። «ፊርማዬ ናት። ፈተና ላይ እንዳትጠፋ።» ስለ ዘንባላዋ ጥርስ ሲጠይቃት ደግሞ፣ «እቺ? ጎረቤቷን ምሥጢር እየነገረችው ነው። ምን እንደምትለው ለእኔም አልነገረችኝም» አለችው።

ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠሩ። በመጨረሻው ቀን እነግራታለሁ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያጠና ሰነበተ። በመጨረሻው ቀን አጎቷ በመኪና መጥቶ ጥሩንባውን ያንጫርር ጀመር። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየሮጠች፣ «ቻው! ጥርስህን ጠብቅ!» አለችውና ሄደች። ያጠናው ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ቀረ። ቤቱ ሲገባ የጄሶ ጥርሷን ከቦርሳው ውስጥ አገኘው። በስሕተት ነው የገባው ይላል እሱ። በዓመቱ ሌላ ከተማ ማግባቷን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። እሱ አላገባም፤ ለምን ሲሉት «ሥራ በዛብኝ» ይላል፤ ከባሏ ሞት በኋላ ከመጣች እህቱ ጋር ይኖራል።

እና አሁን እዚህ ናት። ከራሱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ነበር። አዲሱን ጄሶ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። የጥርሶቹ ጫፍ ተበልቷል፣ ተደልድሏል። «አረጀን እኮ» አለ ለብቻው፣ ፈገግ ብሎ። ወዲያው ግን ትእዛዙን መልሶ አነበበ። ዘንበል ያለችው ትቃና። የምትሞረደው ላይ ቤት ነው፤ ለዘለዓለም የሚሸፍናት ልባጥ ግን በእሱ እጅ ነው የሚሠራው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ደወለች። «ጋሼ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት በሽተኛዋ ትመጣለች። ቀለሙን አንተ መጥተህ በዓይንህ ብታየው ይሻላል።»

ሌላ ጊዜ «ፎቶ ላኪልኝ» ነው መልሱ። ዛሬ ግን «እመጣለሁ» አለ፤ ሐኪሟ ራሷ ተገርማ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠየቀችው።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ገባ። እትዬ ድድ መቅረጫዋን ጣል አደረገች። «ወይ ጉድ! ለካ ከጄሶው ሥር ሰው ነበር! ልትሞሸር ነው?»

«ቀለም ልመርጥ ነው።»

«ለመጋረጃ ነው ለጥርስ?»

ሊፍቱን ትቶ በደረጃ ወጣ፤ ለዓረፍተ ነገሩ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። የድሮው አሁን አይሆንም፤ አዲስ አገኘ። «ጥርስሽን ጠብቀሻል ወይ?» ይላታል። እሷ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰበበትም።

በሩን ከፈተ። ወንበሩ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት የሆነች ልጅ ተቀምጣለች። ክፍል የተሳሳተ መስሎት ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ሐኪሟ፣ «ግባ እንጂ ጋሼ! ይሄው፣ የጥርስሽ ባለሙያ እሳቸው ናቸው» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ ለሰላምታ ፈገግ አለች፤ ቶሎ ብላም አፏን በእጇ ሸፈነች። ያቺ አንዲት ቅጽበት በቃችው። ዘንባላዋ ጥርስ ታይታዋለች።

ከጥርስ ዕድሜ አነብባለሁ የሚለው ሰው በግማሽ ዕድሜ ሳተ። ጫፉን የበላው ዕድሜ አልነበረም።

የቀለም ናሙናዎቹን ዘርግቶ ከከንፈሯ አጠገብ እያስጠጋ፣ ቀስ ብሎ፣ «እቺ ጥርስ ምን አደረገችሽ?» አላት።

«ምንም አላደረገችኝም። እናቴ ናት።»

«እንዴት?»

«የእናቴ ጥርስ ናት ማለቴ ነው። ቁርጥ እሷን። እናቴ ከሞተች ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ መስታወቱ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ስስቅ እሷ ናት። አልቻልኩም። መሳቅ ሁሉ ተውኩ።» «ልጅ ሆኜ ሲያሾፉብኝ ‹ተያቸው፣ እቺ ጎረቤቷን ምሥጢር እየነገረችው ነው› ትለኝ ነበር» አለች።

«ነፍሷን ይማር» አለ። ቀለሙን ጻፈ። ምን ብሎ እንደወጣ አያስታውስም።

ምድር ቤት ሲደርስ እትዬ ድድ ልትጀምረው ነበር፤ «እህሳ፣ ሙሽሪት ቀረችብህ?»

«ሞታለች።»

መሞረጃ ማሽኗን አጠፋች። እሱ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና ቆርቆሮውን አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገረ። እሷ ጨርሶ እስኪወጣለት ድረስ አንድም ቀልድ አልቀለደችም፤ እሱም በዚያ ነው እንዳዘነችለት የገባው።

በነጋታው የሙከራውን ሰም ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጄሶው ላይ አዲሱ ጥርስ በሰም ይቀረጻል፤ ሐኪሟ በዚያ ልክ ጊዜያዊ ልባጥ ሠርታ ጥርሱ ሳይነካ ታለብሰዋለች፤ ሰውየው ለጥቂት ቀን ይዞት ይሰነብትና ይወስናል። እዚህ ላይ ሰይጣን በጆሮው መጣ። ትንሽ ቢያረዝማቸው፣ ትንሽ ቢያሰፋቸው፣ ፈረስ መስላ ትታይና ራሷ ትተወዋለች። ማንም አያውቅም። መቅረጫውን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ፣ በሕይወቱ እንደዚያ የለፋበት ሰም የለም። እያንዳንዷን ጥርስ ለከንፈሯ፣ ለአገጯ፣ ለዕድሜዋ አስማማ። ዘንባላዋን ቀጥ ሲያደርጋት ግን ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

በስድስተኛው ቀን ልጅቷ ሳትጠራ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሙከራው አፏ ውስጥ ነበር። «ይቅርታ ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው» ብላ ፈገግ አለች። ያምር ነበር። አምሮም፣ እናትየዋ ከፊቷ ላይ ጥርግ ብላ ጠፍታለች።

«አይመችም?» አላት።

«ይመቻል። መሥሪያ ቤት ሁሉም አማረብሽ አለኝ። አባቴ ግን ምሳ ላይ ቀና ብሎ አየኝና ማንኪያውን አስቀመጠ። ውሃ አምጪልኝ አለ። ውሃው ፊቱ ነበር።» ከሰም ፍርፋሪው ላይ ጣቷን እያሽከረከረች ቆየች። «ሐኪሟ ውሳኔው የአንቺ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ መወሰን አቃተኝ። ልጅዎ ብሆን ምን ይሉኝ ነበር?»

እትዬ ድድ ጀርባዋን እንደሰጠች ሥራዋን አቆመች።

«ቬኒር መጥፎ ነገር አይደለም» አለ ጋሽ ጄሶ። «በውሃ ጠንቅ ከልጅነቱ ጥርሱ ቡናማ የነበረ አስተማሪ ነበረ፤ ሠራንለት፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቹ በላይ የሚስቀው እሱ ነው አሉ። ግን አንዴ ከተሞረደ መመለስ የለም። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ይቀየራል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ደጋግመሽ መምጣትሽ አይቀርም። ሌላም ነገር አለ።» ጄሶዋን አነሣ። ነገሩን ካየ ቀናት አልፈውታል፤ ግን ማየት ስለፈለገ ያየው እየመሰለው ራሱን ተጠራጥሮ ነበር። ስለዚህ ያየውን ሳይነግራት ለባልደረባው አቀበላት። «እስቲ እያት። ምን ይታይሻል?»

እትዬ ድድ መነጽሯን አወረደች። «ትፈጫለች። ምን ትፈጫለች ብቻ፣ ወፍጮ ቤት ናት! እንቅልፏ ውስጥ የሚያሳድዳት ነገር አለ።»

ልጅቷ ቀላች። «አባቴ ‹ሌሊት ጠጠር ታኝኪያለሽ› ይለኛል። ከእናቴ በኋላ ነው የጀመረኝ።»

«ጥርስ በሚያፋጭ ሰው ላይ ፖርሲሊን ይሰነጠቃል» አለ እሱ። «መጀመሪያ እሱ ይታከም። ሐኪሟም አይታው ከሆነ ትነግርሻለች፣ ካላየችው እኔ እነግራታለሁ። ልጄ ብትሆኚ ይሄን እልሽና ዝም እል ነበር። ከዚህ በላይ ግን እኔን አትስሚኝ፤ እኔ አዳላለሁ።»

«ለማን?»

መሳቢያውን ሳበ። ቆርቆሮውን ከፈተ። ጨርቁን ፈትቶ አሮጌውን ጄሶ ከእሷው አጠገብ አስቀመጠላት።

የልጅቷ ምላስ ከንፈሯ ሥር ስትንቀሳቀስ ትታያለች፤ ልባጡ የሸፈናትን ጥርስ እየፈለገቻት ነው።

«የት አገኙት?»

«ራሷ ናት የሰጠችኝ። አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንማረው።»

«እናቴ? ጥርስ መሥራት? ፋርማሲ ነበር እኮ የምትሠራው! ዱሮ ኮርስ ቢጤ ወስጃለሁ ብላናለች እንጂ…»

«ከእኔ ትበልጥ ነበር» አለ። ቀጥሎ ጉማሬውን ነገራት፣ የሊጡን፣ የአስተማሪውን ቁጣ። ልጅቷ ሳቀች፤ ስትስቅ አፏን አልሸፈነችም፤ ግን በሳቋ ውስጥ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ልባጡ ደብቆታል። እሷም ሳይነግራት የገባት ይመስላል። በዚያው ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ልባጡን አስነሣችው።

«ሥራችንን ልታዘጋው ነው ጋሼ» አለች ሐኪሟ በስልክ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት። ትንሽ ቆይታ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣ «መፋጨቱን እኔም ማየት ነበረብኝ» አለች። በእንቅልፍ ሰዓት የሚነከስ መከላከያ ታዘዘ። ሦስት ወር ትሞክር፣ ከዚያ ትወስን ተባለ። መከላከያውንም የሠራው እሱ ነው።

ሦስቱ ወር ለጋሽ ጄሶ ረጅም ነበር። በደረጃው በኩል የሴት ጫማ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። ሰማያዊ ሣጥን በወረደ ቁጥር መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል። ስድስቱን ልባጥ ቢያዙት እሠራለሁ፣ እንደ ሰሙ አሳምሬ እሠራለሁ ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር።

ሣጥን አልወረደም፤ እሷ ራሷ ወረደች።

«ትቆይ» አለች ገና በር ላይ ሆና። «አላሠራትም። አሁንም መስታወት ውስጥ ትመጣለች፤ ግን በቃ፣ ‹ከኋላም በደንብ ቦርሺ› ብላኝ ትሄዳለች።»

እትዬ ድድ አጨበጨበች። እሱ መነጽሩን ማጽዳት ጀመረ፤ የጸዳ መነጽር ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት? ያንን የእናቴን ጥርስ… አባቴ እንዲያየው… ቢሰጡኝ?»

ልትጠይቀው እንደምትችል ያውቅ ነበር። «ሐሙስ ነይ» አላት።

ሐሙስ መጣች። በጨርቅ የተጠቀለለውን ተቀብላ ገለጠችው። ቀለሙ እንደ አሮጌ ወረቀት ወይቧል። ገልብጣ ከሥሩ ያለውን አሻራ አየችና አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። «ልክክ አለች!» አለች። በሻርፗ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ልትወጣ ስትል፣ «ቤታችሁ…» አለ። «ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ የጄሶ ጥርስ ነበር? የወንድ?»

አሰበች። «አይ። አይቼ አላውቅም።»

«ልክ ነው» አለ። «ጄሶ ነው፣ ይሰበራል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ መሳቢያውን ሳበ። የቆርቆሮውን ክዳን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ዘጋው። እትዬ ድድ አየችው። «ቆርቆሮው ባዶ አይደለም እንዴ አሁን?»

«ልማድ ነው» አለ።

ይህን ሁሉ ሲያወራልኝ «ይቺን ግን አትጻፊያት» ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቷ ሐሙስ ከመምጣቷ በፊት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ እትዬ ድድ ዕቃ ልታመጣ ወጥታ ሳለ፣ የአሮጌውን ጄሶ ልክ በላስቲክ ሊጥ ወሰደ። አዲስ ጄሶ አፈሰሰበት። ሲደርቅ በሻይ ውሃ ነክሮ አስረጀው። ዘንባላዋ ጥርስ፣ ክፍተቷ፣ የአውራ ጣቱ አሻራ ሳይቀር መስመር በመስመር ወጥቷል። ለልጅቷ የሰጣት እሱን ነው። የእናቷ ጣት የነካው ቆርቆሮው ውስጥ ነው።